ከግንቡ ጥግ ያለው ድንጋይ

የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ትምህርት የጀመርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ ይሁን እንጃ፣ ያላነበብኩትንና ያላጣራሁትን ከአፌ ማውጣት አይሆንልኝም፣ በአንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ «እዚህ ጋ መንፈስ ይታያል» እያሉ ከጎብኚ ጉርሻ የሚለቅሙ አስጎብኚ ባልደረቦቼም ያንገበግቡኛል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የደረሰኝ ጎብኚ እናቱን ይዞ ከደብረ ብርሃን የመጣ ጎልማሳ ነበር፣ ስልኩን ከፊቱ አያወርድም፣ ተናግሬ ስጨርስ «እህቴ፣ እስቲ ድገሚው፣ ነፋስ ገባበት» ይለኛል። ደገምኩለት፣ አሁንም ደገምኩለት። የተረፈውን የግንብ ቁራጭ እያሳየሁ «ይህ የግብር አዳራሹ ነው» ባልኩ ቁጥር ታዲያ ከኋላዬ ከንፈር ሲመጠጥ እሰማለሁ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚመጠጠው። እናትየው ናቸው ብዬ ዞር ስል፣ እሳቸው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ወዲያው ጉሙ ከቆላው በኩል ወጣ። የአንኮበር ጉም እጃችሁን ብትዘረጉ መዳፋችሁን አያሳያችሁም። እየዳበስኩ ወደ ድንጋዩ ብሄድ ሴትየዋ የሉም፣ ከግንቡ ጀርባ ደግሞ ገደል ነው።

«አስጎብኚዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ የት ጣልሻት?» ይለኛል ልጃቸው፣ ስልኩ አሁንም እየቀረፀ። ግንቡን ተደግፌ «እማማ፣ እማማ» እያልኩ ወደ ገደሉ ሄድኩ። የሰማሁት፣ እመኑኝ፣ ምድጃ ውስጥ እንጨት ሲንጣጣ ነው፣ ያውም በዚያ ርጥብ ጉም ውስጥ።

እማማ ከግንቡ ጥግ ብቅ አሉ፣ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው ረጋ ብለው።

«ያቺ ጓደኛሽ ባትይዘኝ አልቆልኝ ነበር» አሉኝ።

«የቷ ጓደኛዬ?»

«ቀሚሷን ወገቧ ላይ የሸጎጠችው ናት እንጂ። ‹እማማ፣ ወዲህ ይበሉ፣ እሳቱን ሊረግጡት ነው› ብላ ጎተተችኝ። አዳራሽ አይደለም፣ ማድቤት ነው ይበሏት ብላኛለች።»

እኔ ከመደንገጥ ይልቅ ተናደድኩ፣ ማን ነው በእኔ ጎብኚ ገብቶ የሚያስተምረው ብዬ ግንቡን ዞርኩት፣ ማንም የለም፣ ሣሩ እንኳ አልተረገጠም። ስመለስ ልጅየው ስልኩን ኪሱ ከትቶ የእናቱን ነጠላ አገላብጦ ያያል። ጥለቱ ተለብልቦ ጠቁሯል፣ ስነካው ገና ይሞቃል።

መጻሕፍቱን እንደገና አገላበጥኩ፣ አዳራሽ ነው ይላሉ፣ እኔም አዳራሽ ነው እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ጎብኚ ወደዚያ ጥግ ሲጠጋ ግን «ወዲህ በሉ» እላለሁ፣ ለምን ሲሉኝም «የጥጉ ድንጋይ ያንሸራትታል» እላቸዋለሁ።

አያንሸራትትም። ክረምት ለክረምት፣ ዝናብ እየወረደበት እንኳ፣ ደርቆ ነው የማገኘው።