ለጊዜው የተጻፈ ቁጥር

ፖስተኛው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስልኩ ከቀኝ እጁ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፤ ግራ እጁ የሸሚዙን ኮሌታ እንደጨበጠ ቀርቷል። አስም ነበረበት። አጠገቡ ያለውን ኢንሄለር መርማሪዋ አንስታ ብትጫነው ባዶ ነው።

ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በአራት ቁራጭ ፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። «የአደጋ ጊዜ ስልኮች» ይላል። የሰፈሩ ኮሚቴ ስድስት ወር ሙሉ ደፋ ቀና የሚልለት ድረ ገጽ አንዱ ገጽ መሆኑ ነው። ራስጌው ላይ በትንንሽ ፊደል «ረቂቅ» ተብሎበታል። ፖስተኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ የተጻፈ አድራሻ አምኖ በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነውና የታተመ ነገር መጠራጠር አልለመደበትም። «ነርስ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር በእስክርቢቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ስልኩ ላይ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥሪዎች ወደዚያው ቁጥር ናቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የተደረገው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ቆይቷል። ሁለተኛው አሥራ አንድ ሰከንድ። ሦስተኛው ጭራሽ አልተነሣም።

አስከሬኑን ያገኘችው ሁለት መንገድ ተሻግራ የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ናት። ሰፈርተኛው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የመጣሁት» አለች። «የኮሚቴ ስብሰባ ነበረን። ምን ምን እንደተባለ ላጫውተው ብዬ ጎራ አልኩ።»

«ይሄ ቁጥር የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። የኔን ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ። ለማንም አልሰጠሁም።»

«ለምን?»

ሲስተር ጫማዋን ታይ ጀመር። «ሰለቸኝ፣ ልጄ። እሱ ብቻውን በቀን አራቴ ይደውል ነበር። ልቤ መታ፣ እግሬ አበጠ ይለኛል፤ እየሮጥኩ ስደርስ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጀምራል።»

መርማሪዋ ሰው ሲያፍር ማየት አትወድም። እንጀራዋ ደግሞ ከዚያ ሌላ አይደለም፤ የሰው መሳቢያ ትከፍታለች፣ የሰው ቃል ትገለብጣለች፣ ከዚያ ሰውየው ወለል ወለሉን ሲያይ ቆማ ትጠብቃለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታ እንኳ ያቺን ቅጽበት አልለመደቻትም። ማስታወሻዋን ዘጋችና ወደ ውጭ ወጣች። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ቀጠና 3፣ ቤት 42» ተብሎ ተጽፏል።

የሟች ልጅ ከከተማው ሌላ ጫፍ ስትደርስ ገና አልመሸም ነበር። አላለቀሰችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ወረቀቱን ማን እንዳዘጋጀው ነው፤ ሲነገራት ቆማ የክስ ማመልከቻ ጻፈች፣ እስክርቢቶው ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ።

«የኮምፒውተሯ ልጅ ናት የገደለችው» አለች። «ድረ ገጹን ተከፍሏት ነው የምትሠራው። የሐሰት ቁጥር ጽፋ አባቴን ገደለችው። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ የሰፈሩ አዳራሽ ገባች። ድረ ገጹ ገና ያለው ግድግዳ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ወረቀት ሆኖ ተለጥፏል። «ስለ እኛ»፣ «ማስታወቂያ»፣ «የጠፋ ዕቃ»፣ «ያግኙን»። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደ ትናንቱ ተቀምጠዋል፤ ራስጌው ላይ ሊቀመንበሩ፣ የቀድሞው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፤ መሐል ሲስተር፤ ግርጌው ላይ በጨዋታው «ሳቂታው» የሚባለው ልብስ ሰፊ። ሳቂታው ዛሬ አልሳቀም።

«ቁጥሩ የኮሚቴው ስልክ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ሲስተር የራሷን አልሰጥም ስትል ልጅቷ ለጊዜው ብላ የኛን ሰካችበት። ስልኩ ግን ትናንት ከኛ ጋር አልነበረም። በጓሮ በኩል በምትከፈተው ትንሽ ክፍል ውስጥ ቁምሳጥን ተቆልፎበት ነበር። ቁልፉ ያለን እኔና ልጅቷ ነን፤ ልጅቷ ደግሞ ስብሰባ አልገባችም። የቀረውን አንቺው ድረሺበት።»

«ታዲያ ያነሣችው እሷ ናት እያሉኝ ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ የማንንም ስም አላጠፋም። ሦስት መቶ አሥር አባወራ የሚያምነው ኮሚቴ ነው ይሄ።»

መርማሪዋ ወደ ሊቀመንበሩ እያየች በዓይኗ ጠርዝ የሳቂታውን እጅ አየች። ሊቀመንበሩ ቁጥሩን ሲጠራ የልብስ ሰፊው ጣቶች ኪሱ ገብተው ጠመኔ ይዘው ወጡ፤ ባለቤታቸው ሳያውቅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ «310» ጻፉ።

«ምን እየጻፉ ነው?» አለችው።

ደንግጦ በመዳፉ ሸፈነው። «ልማድ ሆኖብኝ ነው እኮ፣ እመቤት። ባለቤቴ እየለካች ስትጠራልኝ እጽፋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት። ቁጥር ከሰማሁ እጄ ዝም አይልም።»

«ጠረጴዛውን ማን ያጸዳዋል?»

«እኔው ነኛ። ጋሼ ስለሚቆጣኝ ሁሌ ስብሰባ ሊጀመር ሲል እወለውለዋለሁ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ትናንት በጠመኔ የተጻፉትን ቁጥሮች አየች። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ተቀብላ አነበበች። «ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ የአደጋ ጊዜ ገጽ ርዕስ ቀይ ይሁን ወይስ ብርቱካናማ በሚለው ላይ ሰፊ ውይይት ተደረገ» ይላል። ስብሰባው ያለቀው አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

የኮምፒውተሯን ልጅ ያገኘቻት በሥራ ቦታዋ ነው፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማተሚያ ከግድግዳ ጋር የተጣበቁባት ጠባብ ክፍል። ልጅቷ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «ባዶ ሲሆን ገጹ ያስጠላል ብዬ ነው። ለጊዜው ብዬ ነው። አራት ቅጂ አትሜ ለእርማት ሰጠኋቸው፤ ጋሽ ፖስታም ትናንት ጠዋት አንዱን ወስዶ አመሰገነኝ። ሲስተር አዲሱን ቁጥሯን የሰጠችው መስሎት በጣም ደስ ብሎት ነበር። መንገር ነበረብኝ። ፊቱ ሲበራ ሳይ ጊዜ ዝም አልኩ።»

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» እጆቿን ጉልበቷ መሐል ደበቀቻቸው። «እታሠራለሁ አይደል?»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘግታ ወጣች። ከአዳራሹ ወደ ፖስተኛው ቤት በሚወስደው መንገድ አንድ ፋርማሲ አለ፤ እዚያ ገብታ የትናንቱን የሽያጭ ደረሰኞች ጠየቀች። አንዷን ፎቶ አንስታ ወጣች፣ አመሻሹ ላይም ሁሉንም ወደ አዳራሹ ጠራቻቸው። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆመች። የሟች ልጅ ከሷ ርቃ ተቀመጠች።

«ስልኩ ቁምሳጥን ውስጥ አልነበረም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

«ማስረጃ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጠመኔው። ጠረጴዛው ትናንት ስብሰባ ሊጀመር ሲል ተወልውሏል። ከዚያ በኋላ እኚህ ሰው የጻፉት ሦስት፣ ከጎኑ አርባ ሁለት ይላል። የማን ልኬት ነው? ወገቡ ሦስት፣ ደረቱ አርባ ሁለት የሆነ ሰው አላውቅም። ቃለ ጉባኤው ውስጥም እነዚህ ቁጥሮች የሉም። የፖስተኛው በር ላይ ግን አሉ። ቀጠና ሦስት፣ ቤት አርባ ሁለት።»

ሳቂታው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ቁጥሩን የተናገረው ሟቹ ነው፤ የሰሙት ደግሞ ከስልኩ ርቀው ግርጌ የተቀመጡት ሰው ናቸው። ስለዚህ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ነበር። ስልኩን ያለ ቁልፍ ማውጣት አይቻልም፤ ልጅቷ ደግሞ ስብሰባው ላይ አልነበረችም፣ ይሄን ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ። እንግዲህ ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ጤነኛ ሰው እንዲህ አይተነፍስም ብዬ ነው» አለ ሊቀመንበሩ ድምፁ ሰልሎ። «እንደ ውሻ ነው ያለከለከው። ባለጌ መሰለኝ። በሁለተኛው ላይ ‹ሥራ የለህም? ሰው ስብሰባ ላይ ነው!› ብዬ ዘጋሁበት። በሦስተኛው አጠፋሁት።» ተማሪ ሲያስቆም የኖረ ሰው አሁን የት እንደሚያይ ጠፋው።

«በመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ምን አደረጋችሁ?»

«ሳቅን» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ነኝ ያሳቅኋቸው። ሦስት… አርባ… ሁለት ይላል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ስሙን አይናገር፣ እርዱኝ አይል። ‹ሱሪ ሊያሰፋ ነው› አልኳቸው።»

«ትንፋሹ በአንዴ ለሁለት ቃል አይበቃውም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ፖስተኛ ነው። ለሱ ማንኛውም ነገር ሰው ጋ እንዲደርስ የሚያስፈልገው አድራሻ ብቻ ነው፤ እሱኑ ሰጣችሁ።»

ከዚያ መርማሪዋ ወደ ሲስተር ዞረች፤ ይሄኛውን መናገር ከሁሉም ይልቅ አስጠላት።

«ሁለቱ አላወቁትም። እርስዎ ግን አውቀውታል። አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ፋርማሲ ገብተው ኢንሄለር ገዝተዋል፤ ደረሰኙ ላይ ስምዎ አለ። ወሬ ሊያጫውት የሚሄድ ሰው ኢንሄለር ይዞ አይሄድም። ገና ከዚህ ሳይነሡ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።»

ሲስተር አልካደችም። «በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ነው የለየሁት። አርባ ዓመት ስሰማው የኖርኩት የአስም ትንፋሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቁጭ አሉ? አንድ ሰዓት ሙሉ!»

«ስቄ ነበራ!» አለች ሲስተር። «ሳቂታው ሲቀልድ አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ለየሁት። እንዴት ብዬ ልነሣ? የሳቅሁበት ሰው እየሞተ ነው ልበላቸው? ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ይሆናል፣ ይተወዋል አልኩ። ስለ ቀለም አወራሁ። ቀይ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ማልቀስ ጀመረ። መርማሪዋ የክስ ማመልከቻውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «የእነዚህን ነገር አቃቤ ሕግ ያየዋል» አለች ለሟች ልጅ። «ይሄ ግን የሚከሰው ስልኩን ያላነሣችውን የኮምፒውተሯን ልጅ ነው። ሦስቱን ጥሪዎች አይተናል—»

«አራት ናቸው» አለች የሟች ልጅ።

መርማሪዋ ዓይኗን ወደ ማመልከቻው መለሰች።

«ስልኩን አይተሽዋል። ታውቂያለሽ። ለምን አትነግሪያቸውም?» ተነሣች። «ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ የደወለው ለኔ ነው። ስሙን አየሁት። ደግሞ መጣ ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። ሥራ እንኳን አልነበረኝም።» የኮምፒውተሯን ልጅ አየቻት፤ ልጅቷም አንገቷን ደፋች። «አንቺን ካላሳሰርኩ ጥፋተኛ ሆኜ የምቀረው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ማመልከቻውን አነሣችና አጠፈችው፤ ግን አልቀደደችውም። ወደ ሲስተር ተጠጋች።

«ሲስተር፣ እንዳያባብሉኝ። ከዚህ ቢነሡ ኖሮ ይደርሱለት ነበር?»

«እደርስለት ነበር።»

«እኔስ አንስቼው ወደ እናንተ ብደውል ኖሮ?»

ሲስተር ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሰው አየች። መዋሸት ትችል ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንድትዋሽ ይፈልጋል፣ መርማሪዋም ጭምር።

«ይደረስለት ነበር» አለች።

የሟች ልጅ ራሷን ነቀነቀች። ከሲስተር አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ጠረጴዛውን ማየት ጀመሩ።