የፊት ወንበር ወሬ

«…ዳይሬክተሩ ‹መስታወቱን የሰበረው ማነው?› ብሎ ሲጮህ፣ ያ ድቡልቡሉ ልጅ ብድግ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹እኔ አይደለሁም፣ ኳሷ ናት!›»

አባቷ አልሳቀም። ሬዲዮ ቅር አላት። አባቷ እኮ ቀልዷን ገና ሳታጋምሰው የሚስቅ ሰው ነው። አሁን ግን መሪውን እንደያዘ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ሬዲዮ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ዓይኗን ከገለጠች ጀምሮ ወሬዋ አያቋርጥም፤ ቤት ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ከጠፋ ቆየ። ዛሬ ደግሞ ወሬዋ ሥራ ነው። አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አንድ የማይሻር ሕግም አለው፦ ከሹፌር ጎን የተቀመጠ ሰው አይተኛም፣ ያወራል። ጎኑ ተቀምጠው ያንኮራፉ ስንት ረዳቶችን አባሯል። በቤት መኪናቸው ረዳቱ እሷ ናት፤ እናቷን እንደሆነ መኪና ሲንቀሳቀስ እንቅልፍ ይጥላታል።

የሚሄዱት አያቷ እማማ ዘንድ ነው፤ ለገና እረፍት። ለሌላው ቤተሰብ ይሄ ብርቅ አይደለም። በበዓል ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ይሄዳል፤ ሰውን ሁሉ የሚያደርሰው ግን አባቷ ስለሆነ እነሱ ዘንድ የአባት ወንበር ባዶውን ይከርማል። ዘንድሮ እንደ ምንም ፈቃድ አገኘ። እንዴት እንዳገኘ የምታውቀው ሬዲዮ ብቻ ናት። ጎህ ሲቀድ በሩን ስትከፍትለት፣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ በሹክሹክታ ነገራት። «የባልደረባዬን የሌሊት ጉዞ ነድቼለት ነው ቀኑን የለወጠልኝ። እናትሽ የሹፌሮች ማደሪያ የተኛሁ ነው የሚመስላት። እንዳትሰማ! ከሰማች መሄድ የሚባል ነገር የለም።»

«ምላሴ ይቆረጥ!» ብላ ማለች ሬዲዮ። ቁርስ ላይ አባቷ እየተንጠራራ «እንደ ሕፃን ተኝቼ አደርኩ» ሲል ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ነበር። ያኔ አሪፍ ምስጢር ነበር። አሁን ግን ይከብዳት ጀመር።

«እማማ በር ላይ መጀመሪያ ምን እንደሚሉን ልንገራችሁ?» አለች እናቷ ከኋላ፣ ትንሹን ወንድሟን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች። «‹ምነው ከሳችሁ?› ነው።»

«ባለፈው ግን አንቺን ‹ይሄ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ?› ብለውሽ የለ?» አለች ሬዲዮ።

«ዝም በይ አንቺ! ልብሱ ነበር!»

ተሳሳቁ። ሳቁ አልቆ፣ እናቷ የልጁን ጃኬት አስተካክላ፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ካስደገፈች በኋላ፣ አባቷ ብቻውን «ሃ!» ብሎ ሳቀ።

«ዛሬ ነገር የሚገባህ በውዝፍ ነው እንዴ?» አለች እናቷ እያዛጋች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሬዲዮን ግን ፍራ ፍራ አላት። የቀኝ ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ወንበሯን ጨመደደች። አባቷ መሪውን መለሰው።

«ጉድጓድ ነበር» አለ።

ዞር ብላ አየች። ምንም ጉድጓድ የለም።

«አባዬ፣ አክስቴ ዘንድሮም ስለ ዕድሜዋ የምትዋሽ ይመስልሃል? ባለፈው ከእማዬ ታናሽ ነኝ ብላ…»

«በሩን ዝጋው» አለ አባቷ፣ ቀስ ብሎ።

«የቱን በር?» ሁሉንም አየች። «ዝግ ነው እኮ።»

«ጠጋ ጠጋ በሉ። እናት፣ ልጁን ይቀፉት፣ ሰው ይቀመጥበት።»

መጀመሪያ ሙድ የያዘባት መስሏት ልትስቅ ነበር። ቀና ብላ ፊቱን ስታየው ሳቋ ጠፋ። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ መንገዱ ላይ ናቸው፤ አባቷ ግን እዚያ አልነበረም፤ አውቶቡሱ ውስጥ ነበር።

«አባዬ!» ክንዱን ያዘችው።

«እህ! ምን ሆንሽ?»

«ምን እያወራን ነበር?»

«ስለ… ኳሷ አይደል? ዳይሬክተሩ።»

ከኳሷ ወዲህ ስንት ወሬ አውርታለች! «አባዬ፣ እንቁምና ትንሽ ተኛ። በናትህ።»

«አታካብጂ። ሹፌር እኮ ነኝ! ቁልቁለቱን ከወረድን ደረስን ማለት ነው። አንቺ ብቻ አውሪ።» ከዚያ ወደ ኋላ በዓይኑ ጠቅሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃልሽን ደግሞ እንዳትረሺ።»

ቁልቁለቱ! አንድ ጎኑ ገደል፣ ሌላው ጎኑ ቋጥኝ፣ ከታች ደግሞ የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ የሚወጡበት። የመጠምዘዣው ምልክት ከሩቅ ታየ። አሞኛል፣ ሊያስመልሰኝ ነው ብትለውስ? ይቆማል። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ጉዞው ይቀጥላል። ከተናገረች እናቷ ትቀየመዋለች፤ እናቷ ስትቀየም ደግሞ አትጮህም፣ ዝም ነው የምትለው። ከአባቷ ጋር ለማሳለፍ ስንት ዓመት የጠበቁት እረፍት በዝምታ ሊያልቅ ነው። አባቷም ዳግመኛ አያምናት ይሆናል። አሳዘናት። የአባቷ አገጭ ግን እንደገና ወደ ደረቱ ዘንበል አለ።

ዞራ የእናቷን ጉልበት ወዘወዘች።

«እማዬ፣ ተነሺ! አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ነው ያደረው። አሁንም እየተኛ ነው።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። እንደዚያ አይቷት አያውቅም። እናቷ ወንድሟን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«አቁም።»

መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ ቆመ። «ነቅቼ እኮ ነበር» አለ አባቷ በመጨረሻ። ፊቱን ሊታጠብ ፈልጎ እጁን ሲሰድ፣ በወንበሮቹ መሀል ያለውን የውሃ ጠርሙስ አገኘና ትክ ብሎ አየው።

«ይሄን ማን ገዛው?»

እናትና ልጅ ተያዩ። ቅድም ያለፉት ከተማ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ከባለሱቋ ጋር ሲሳሳቅ ቆይቶ የገዛው ራሱ ነው።

«አንተ ነህ፣ አባዬ» አለች ሬዲዮ።

አባቷ ጠርሙሱን አገላበጠው። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ለሬዲዮ ሰጣት። ወንበሩን አስተኝቶ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ የጭነት መኪና ክላክስ ሲያደርግ ብንን ብሎ ተነሳ። ፀሐዩ ዘንበል ማለት ጀምሯል። «በቃኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ መዳፉን ዘረጋላት። «ስጪኝ፣ ሳይመሽ እንግባ። እማማ እየጠበቁን ነው።»

ሬዲዮ ዓይኖቹን አየች። አሁንም ደም ለብሰዋል።

«አይሆንም፣ አባዬ።»

ሬዲዮ ቁልፉን በጡጫዋ እንደያዘች በሩን ከፍታ ወረደች፤ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማማ» አለች፣ «ዛሬ አይጠብቁን።»