ዘቢባ የማን ልጅ ናት?

ዘቢባ ትንሽ ዓሣ ናት። ግን ክንፍ አላት፤ ቀንድም አላት።

ሰዎች ቀንዷን እያዩ «ሰይጣን ዓሣ» ይሏታል። ምን ቢሏት፣ እሷ ገራም ናት።

አንድ ቀን በህንድ ውቅያኖስ ማዕበል ተነሣ። ሿ! ሿ! ሿ!

ማዕበሉ ዘቢባን ከእናቷ ነጠላት። እየገፋ፣ እየገፋ ቀይ ባሕር አደረሳት።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። እማዬ የለችም።

እዚያ ክንፍና ቀንድ ያላቸው ዓሦች በሰልፍ ሲሄዱ አየች። ደስ አላት።

«ማዕበል ከሩቅ አምጥቶኝ ነው። አብሬያችሁ ልሂድ?»

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ሁሉም።

«የእማዬ።»

ዓሦቹ ሳቁ። ትልቋ ዓሣ፣ እማማ ሐሊማ፣ ግን አልሳቁም። ቀረብ ብለው ቆጠሩ።

«ክንፍ?» ሁለት!

«ቀንድ?» ሁለት!

«ጅራት?» አንድ!

«ይሄማ ሌሎችም አላቸው» አለ ዳውድ የሚባለው ጎረምሳ። «የእኛ ዘመዶች ጀርባቸው ላይ ነጭ ነጥብ አላቸው። አገራችንም ቀይ ባሕር ነው። እሷ ከሩቅ ነው የመጣችው።»

«ነጥቧ አለችሽ፣ ልጄ?» አሉ እማማ ሐሊማ።

ዘቢባ ጀርባዋን ለማየት ዞረች። ጀርባዋም አብሯት ዞረ። እንደገና ዞረች። ጀርባዋም እንደገና ዞረ።

«አይታየኝም» ብላ አለቀሰች።

«የራሱን ጀርባ ማን አይቶ ያውቃል? እዚህ ታች ጨለምለም ይላል። ወደ ፀሐይ ዝለይና እኛ እንይልሽ።»

ዘቢባ ዘለለች። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ!

ጧ! ተመልሳ ውኃው ላይ ወደቀች።

ነጭ ነጥቧ እንደ ወተት ጠብታ ታየች።

«የእኛ ናት» አሉ ሁሉም።

ዳውድ አፈረ። «ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሩቅ እንዴት መጣች?»

«ዘመዶቻችን እዚያም አሉ ማለት ነዋ» አሉ እማማ ሐሊማ። «አገራችን ካሰብነው በላይ ሰፊ ነው።»

«እናቴስ?» አለች ዘቢባ።

«አብረን እንጠራታለን።»

ሁሉም ዘለሉ። ከሁሉም በላይ ዳውድ ዘለለ። ጧ! ጧ! ጧ!

ድምፁ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ሄደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከወዲያ መልስ መጣ። ጧ!

የዘቢባ እናት ነበረች። ልጇን በክንፏ እቅፍ አደረገቻት።

«ያልፈለግሁሽ ቦታ የለም፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ እነዚህ ሁሉ ዘመዶቻችን ናቸው» አለች ዘቢባ።

እናቷ ቀና ብላ አየች። «እንዲህ ብዙ ነን እንዴ?»

ዘቢባ ትቆጥርላት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…

ቆጥራ ሳትጨርስ፣ በእናቷ ክንፍ ሥር እንቅልፍ ወሰዳት።