የሐምዳን ትርጉም

«ጭቃ ሹም ማለት የሚጠብቃችሁ ሰው ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድም» አለ ሐምዳን ለሽማግሌዎቹ በበርታ ቋንቋ።

ዐዋጢፍ የውሃውን ቅል እንደያዘች ከንፈሯን ነከሰች። ባላምባራስ ታፈረ ያሉት ሌላ ነው፦ ጭቃ ሹሙ ግብር ይሰበስባል፤ እምቢ ያለውን አስሮ ይልካል። ሹመቱም የታሰበው ለራሱ ለአስተርጓሚው፣ ለአጎቷ ለሐምዳን ነው። አማርኛውን የለመደችው ከሟች አባቷ ጋር የደጋ ገበያ ስትዞር ነበር። ሐምዳን ይህን ያውቃል፤ ግን ሴት ልጅ ሰምታ ምን ታመጣለች?

ባላምባራስ በጭራቸው ዝንብ እያባረሩ ቀጠሉ። «ያ የወንዝ ዳር ሰሞን መሬት ይሆናል በላቸው፤ ለሚተከለው ደብር። ካህናቱ ያርሱታል፤ ከእንግዲህ ማንም ወርቅ አያጥብበትም። ለመሆኑ ይገባቸዋል? ለድንጋይ የማወራ ነው የሚመስለኝ።»

«ግድ የለም ጌታዬ። ሰዎቹ ሞኝ ነው። እኔ ያስረዳል።»

የገዛ አማርኛው እያነከሰ በሰው ይስቃል፤ ዐዋጢፍ ፊቷን አዞረች።

ሐምዳን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዶች ለአንድ በጋ ወንዙ ዳር ይሰፍራሉ። ከዚያ መሬቱ ይመለስላችኋል።»

«እንግዳ መቼ ከልክለን እናውቃለን?» አሉ ሸኽ ዐወድ። «ደግ ነው። ፋቲሓ እንቅራ።»

መዳፎች ለጸሎት ተዘረጉ። በዚህ አገር ፋቲሓ የተቀራበት ስምምነት አይፈርስም፤ ያፈረሰ ሰው ጨው እንኳ የሚሸጥለት አያገኝም።

«ደግሞ ምን ይለምናሉ?» አሉና ባላምባራስ አዛጉ።

የዐዋጢፍ እናት ጣሂራ ይህን ጊዜ እዚያው ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ወርቅ ታጥባለች። ክረምቱን የሚበሉት ከዚያ በምታገኘው ነው። የሚያድሩት ደግሞ በሐምዳን ጎጆ።

ሐምዳን ቆማ አያት። «አንቺ፣ ቅሉን አስቀምጪና ሂጂ። የወንድ ሸንጎ ነው።»

ቅሉን አስቀመጠች። አልሄደችም።

«ሸኽ ዐወድ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «ያሉት ወቅፍ ነው። ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን። ወርቅም አይታጠብበትም።»

ለአምላክ ቤት የተሰጠ መሬት እንደማይመለስ ለሽማግሌዎቹ ማስረዳት አላስፈለገም።

«ምን አለች?» አሉ ባላምባራስ።

«ምንም ጌታዬ። ልጅ ነው።»

«እርስዎ ያሉትን ነው የነገርኳቸው» አለች ዐዋጢፍ በአማርኛ። «ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

ሸኽ ዐወድ ፋቲሓውን ሳይቀሩ መዳፋቸውን አጠፉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሐምዳን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ «ዛሬ የት እንደምታድሩ እናያለን።»

ዐዋጢፍ ዕቃቸውን አብረው እንዲሸክፉ እናቷን ልትጠራ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች።