ቆርቆሮውን ያዛገው ባሩድ

ካውኮ ጥይት መግዛት አይወድም። ተኩሶ የጣለውን ባዶ ቀለህ ከመሬት ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ሞልቶ መልሶ ይተኩሰዋል። ይህ ነውር አይደለም። በዚያ በምሥራቅ ፊንላንድ የሐይቅ ዳር መንደር በየመኸሩ አጋዘን ከሚያድነው ሰው ግማሹ እንዲሁ ያደርጋል፤ በጥንቃቄ ከተሠራም የተመሰገነ ሙያ ነው። ነውሩ ባሩዱን ያስቀመጠበት ቦታ ነው።

ከነቆርቆሮው ያስቀመጠው በሳውናው ልብስ መቀየሪያ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነበር። ሳውናው ከቤቱ ተነጥሎ ሐይቁ ዳር የቆመ፣ በእንፋሎት የሚታጠቡበት የእንጨት ጎጆ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምድጃው ሲነድና በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሲረጭ እንፋሎቱ በበሩ ሾልኮ ፎጣውንም፣ ወንበሩንም፣ የካውኮን መደርደሪያም ያረጥባል። እሑድ ጠዋት ክፍሉ መልሶ በረዶ ይሆናል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ብርድ፤ እንደገና ሙቀት፣ እርጥበት፣ ብርድ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ባሩድ የሚጠላውን ሁሉ ለይተህ አምጣ ቢባል ከዚያ የተሻለ ቦታ ባልተገኘ ነበር። ካውኮ ግን ክፍሉን የመረጠው ለባሩዱ አስቦ አይደለም፤ ማንም የማይነዘንዘው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሚስቱ ታይሚ ነገሩን ያወቀችው በአፍንጫዋ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ፎጣ ልትሰቅል ስትገባ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ተቀበላት።

«ካውኮ፣ ይኼ መደርደሪያህ ይሸታል።»

«ባሩድ ምን እንዲሸት ፈለግሽ? ጽጌረዳ?»

«አዲስ ስትከፍት እኮ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው የሚሸተው። ይኼ ኮምጣጤ ነው።»

«ባሩድ ወተት ነው እንዴ የሚኮመጥጠው? አባቴ ከጦርነት የተረፈ ባሩድ ሲተኩስ ነው የኖረው። እንዲያውም ሲቆይ ይበስላል።»

«ቆርቆሮውስ? ተመልከተው፣ ከውስጥ እኮ ነው የዛገው።»

ካውኮ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና አጉረመረመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ታይሚ ስትገባ ቆርቆሮው የለም። ባሩዱ የብረት ክዳን ባለው ባዶ የቡና ብርጭቆ ውስጥ ተገልብጦ ተቀምጧል። የባሩዱ ስምና የተገዛበት ዓመት የተጻፈበት ቆርቆሮ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጥሏል። «ይኸው፣ አስተካክዬልሻለሁ» አላት። ሰውዬው የዛገውን ጥሎ ያዛገውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ማስተካከል ከየት ተማረው?

ታይሚስ? ታይሚ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ነዝናዛ እንዳትባል ፎጣዋን ሰቅላ ወጣች።

ጎረቤታቸው ኢርያ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ክረምት ላይ ባሏ ሞተባት፤ በአዳኞቹ ማኅበር ውስጥ የነበረውን ቦታ ላለመልቀቅ ጠመንጃውን አንሥታ መለማመድ ጀመረች። ካውኮ አዘነላት። ሃያ ጥይት ራሱ ሞልቶ፣ በእንጨት ሣጥን ደርድሮ ወሰደላት። «የሱቁ ከዚህ አይሻልሽም» አላት። ከልቡ ነው የሰጣት፤ ቅንነት ግን የተበላሸ ባሩድ አያድስም።

አደኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁሉም በተኩስ ሜዳው ለልምምድ ተሰበሰቡ። ታይሚ ከዳር ሆና ቋሊማ ትጠብሳለች። ኢርያ የመጀመሪያዋን ተኮሰች። ድምፁ እንደ ሌላው አልነበረም፤ ታፍኖ ወጣ። ዞራ ካውኮን አየችው።

«ልክ ነው ድምፁ?»

«ጥይቱ ደኅና ነው። አንቺ ነሽ የፈራሽው፤ ትከሻሽን አጥብቂ» አለ ካውኮ። ወንዶቹ ሳቁ።

ኢርያ ተሳቀቀችና ትከሻዋን አጥብቃ ሁለተኛውን ተኮሰች። ቀለሁ ከሥሩ ተቀደደ። እሳቱና የነሐሱ ስባሪ በጠመንጃው መዝጊያ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ፊቷን መታት። ከተማ ያሉት ሐኪሞች ፊቷን ሰፉላት፤ ቀኝ ዓይኗን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

በሳምንቱ አዳኞቹ በማኅበራቸው ቤት ተሰብስበው ሾርባ እየበሉ ነገሩን አነሡት። ታይሚ ጭልፋ ይዛ ታድላለች። የማኅበሩ መሪ ኦስሞ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «ጠመንጃው አሮጌ ነው፤ ሟቹም አይወለውለው ነበር» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «መዝጊያውን አጥብቃ ባትዘጋው ነው እንጂ» አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዱ በባሏ፣ አንዱ በእጇ፣ አንዱ በሴትነቷ እያመካኘ እያንዳንዱ ምሳሩን አነሣ። ካውኮ ከሳህኑ ቀና አላለም። ታይሚ ጭልፋውን በድስቱ ውስጥ ጥላ ወጣች።

ታይሚ መኪናውን እየነዳች ቤታቸው ደረሱ። ሞተሩን እንዳጠፋች ተናገረች።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? በምን ይታወቃል?»

«በዓይኗም፣ በስሟም ሲጫወቱ ሾርባ ትጠጣለህ?»

«አርባ ዓመት ጥይት ሞልቻለሁ፣ ታይሚ። ምንም ሆኖ አያውቅም።»

«ከዚያ ብርጭቆ ለስንት ሰው ሞልተህ ሰጥተሃል?»

ካውኮ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተ። «ከእሷ ሌላ ለስድስት።»

«ቅዳሜ ሁሉም ጫካ ይገባሉ። ስንት ዓይን ሲጠፋ ነው የምትናገረው?»

እጁን ይዛ ወደ ሳውናው ወሰደችው። በሩን ከፍታ ብርጭቆውን አሳየችው። ዓመት ያልሞላው ክዳን ከውስጥ በኩል ተበልቷል፤ በባሩዱ ላይ ቀይ ቡኒ ብናኝ ተነስንሷል። ካውኮ አንዴ አሸተተና አሳለው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«አምናም ሸቶኝ ነበር» አለ።

ታይሚ ደሟ ፈላ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አፍንጫው አርጅቷል፣ አልለየውም ብላ በልቧ ስትከራከርለት ነበር። «ሸቶህ እያለ ነው ትከሻሽን አጥብቂ ያልካት?» አለችው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔም ሸቶኝ ዝም ብያለሁ፤ የእኔን አልክድም። አንተም የአንተን አትክድም።»

ብርጭቆውን ሳይነኩ፣ ምድጃውንም ሳያነዱ ወጡና በሩን ቆለፉ። ለእሳት አደጋ ሰዎች ደውለው ባሩዱን አስወሰዱ። በማግስቱ ካውኮ ሐኪም ቤት ሄደ።

ኢርያ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኖ ተቀምጣ ነበር። ካውኮ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ባሩዱ ተበላሽቶ ነበር፤ እያወቅኩ ሞላሁት። ይቅር በይኝ» አላት።

በቀረላት ዓይኗ አየችው። «መዝጊያ መዝጋት አልቻለችም ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አንተ የዚያን ጊዜ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ይቅርታህን ቆይቼ አስብበታለሁ። ጥይቱ አሁን እነማን ጋ ነው ያለው?»

«ስድስት ሰዎች ጋ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

እዚህ ላይ አንባቢ ይስማ። ባሩድ በመጣበት ዕቃ ጥብቅ ብሎ ተከድኖ፣ ሙቀቱ በማይዋዥቅ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ግን ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም በሚያወጣው ሽታና በዝገቱ ይናገራል። ይህ የተሰወረ ጥበብ አይደለም፣ ሻጮቹ ሳይሰለቹ የሚሉት ነው። የሚያናድደው የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ምልክቱን አይቶ ምልክቱን የሚጥል ሰው ነው። ባሩድ በቤቴ የለም የምትልም አትዝናና። ፀረ ተባዩን በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጠህ ልጆች በሚደርሱበት መደርደሪያ ያኖርክ፣ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ስሙ ከተጻፈበት ካርቶን አውጥተህ ለጎረቤት ያካፈልክ፣ አንተም ያው ካውኮ ነህ። ሽታው ሸቶት ይሉኝታ ይዞት ዝም የሚለውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ካውኮ ያን ቀን ከቤት ቤት ዞረ። በየደጁ የሚለው አንድ ነበር፦ «የሰጠሁት ጥይት መጥፎ ነው፤ የኢርያን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ መልሽልኝ» ወይም «መልስልኝ»። አንዷ ሰደበችው። አንዱ ሳጥኑን አቀብሎት በሩን ፊቱ ላይ ዘጋው። ካውኮ ሁሉንም ተቀበለ።

የመጨረሻው የኦስሞ ቤት ነበር። ኦስሞ ደጃፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ሰማውና ሳቀ።

«አንተ ደግሞ፣ ሚስትህ አስፈራርታህ ነው? እኔ ከዚያው ጥይት አሥር ተኩሻለሁ። ይኸው፣ ምንም አልሆንኩም።»

«እኔም ምንም አልሆንኩም፣ ኦስሞ» አለ ካውኮ። «የሆነችው ኢርያ ናት።»

ኦስሞ ሳቁን ዋጠ። ወደ ውስጥ ገባና የቀረውን ጥይት ከነሳጥኑ አምጥቶ ሰጠው።