ልብስ ሰፊውና የሞተር መጋዙ

«ያንን ትልቁን አውርጂልኝ፣ እህቴ!» አለ የቆቅ አባት የመሣሪያ ሱቁን ሻጭ፣ ጣቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ቀስሮ።

ቆቅ ፊቷን ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ አዞረች። ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ነው ቤተሰቡ «ቆቅ» የሚላት፤ አሁን ግን ምነው ባላየሁ ብላለች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜ ልኩን ከመቀስ የከበደ መቁረጫ ጨብጦ አያውቅም። ጓሯቸው ውስጥ ሁለት ባሕር ዛፎች ሲደርቁ ግን «ሌላ ሰው ምን ያደርጋል? እኔው እጥላቸዋለሁ!» ብሎ ተነሣ። እናቷም «ልጅቷን ይዘህ ሂድ» ብላ አብራ ላከቻት።

ሻጯ የሞተር መጋዙን በሁለት እጇ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። «ከዚህ በፊት በሞተር መጋዝ ሠርተው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! መቁረጥ እኮ ሙያዬ ነው» አለ አባቷ፣ ቆቅን ጠቀስ አድርጎ።

ቆቅ ከመጋዙ ወደ አባቷ አየች። እውነቱን ብትናገር አባቷን በሰው ፊት ማሳፈር ነው። ዝም ብትል ደግሞ ያን የሚያህል ብረት ተሸክሞ ዛፍ ሥር ሊቆም ነው። ጥቂት አሰበችና፣ «አባዬ፣ እስቲ እንደምትቆርጥ ሆነህ ያዘው» አለች። ወደ ሻጯም ዞር ብላ፣ «እስከዚያ አሠራሩን ይንገሩን።»

ሻጯ ነገሩ ገባት መሰል፣ ፈገግ ብላ በዝግታ ማስረዳት ጀመረች። ሰንሰለቱ ዘይት ይፈልጋል። ጫፉ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ተወርውሮ ሊመጣ ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑ ለዚያ ነው። ረጅም መቁረጫ ለወፍራም ግንድ ነው... አባቷ መጀመሪያ ደረቱን ነፋ። ቀጥሎ እግሩን ቀየረ። ከዚያ ክንዱ መንቀጥቀጥ፣ ግንባሩም ማላብ ጀመረ።

«ከበደህ እንዴ?»

«ኧረ ላባ ነው!» አለ፣ ድምፁ ሳይቀር እየተንቀጠቀጠ።

ቆቅ ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «አባዬ፣ አንተ እኮ ነክተኸው አታውቅም። ፈርቼልህ ነው» አለችው።

አባቷ ዓይን ዓይኗን አየ። መጋዙን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሳቁ አመለጠው፤ ወደ ሻጯም ዞረ። «እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፤ ይሄን ነገር የማውቀው በቴሌቪዥን ነው!»

«እንኳን ነገሩኝ!» አለች ሻጯም እየሳቀች። «በስንት ጊዜ አንዴ ለሚቆርጥ ሰው ይሄ ምን ይሠራለታል? የዛፎቹ ውፍረት ምን ያህላል?»

ቆቅ በሁለት እጇ ክብ ሠርታ አሳየቻት። ሻጯ አነስ ያለ ባለ ባትሪ መጋዝ አመጣች፤ ቀላል፣ ቤንዚን የማይጠይቅ፣ ማስነሻው ሲለቀቅ ወዲያው የሚቆም።

«ሰንሰለቱ ቢበላሽ መቀየሪያ እዚሁ ይገኛል?» ስትል ቆቅ ጠየቀች።

«ሞልቷል።»

የአባቷን ልብ የሰረቀው ግን ሻጯ ለእግር መከላከያ ብላ ያወጣችው ሱሪ ነበር። ገለበጠው፤ ሰንሰለት ቢነካው ተጠምጥሞበት የሚያቆመውን ወፍራም ገበር በጣቱ ቆነጠጠ። «ወይ ስፌት! የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ» አለ። ከትንሹ መጋዝ ጋር እሱንም፣ የራስ ቁርና መከላከያ መነጽርም ገዝተው ወጡ።

አባቷ ሳምንቱን መሬት ላይ በተጋደመ ግንድ ሲለማመድ ሰነበተ። ቅዳሜ ጠዋት ገላጣው ቦታ ላይ የቆመውን አጭሩን ዛፍ ጣለ። ዛፉ ልክ እንዳሰበው ባዶው መሬት ላይ ዘጭ ሲል እናቷ ከበረንዳው አጨበጨበች።

«ጨርቅ ከመቁረጥ በምን ይለያል!» አለ አባቷ፣ ጺሙ ሰጋቱራ ለብሶ። ወዲያው ዓይኑ ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄደ። ረጅም ነው፤ ወደ ጎረቤት ጣሪያም አዘንብሏል። «አሁን ሞቆኛል፣ እሱንም ልገላገለው። በይ ባትሪ ቀይሪልኝ።»

የተሞላው ባትሪ እጇ ላይ ነበር። ቆቅ ዛፉን ሽቅብ አየችው። ጣሪያውን አየች። በደስታ የፈካውን የአባቷን ፊት አየች። ከዚያ ባትሪውን ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

«ለእሱ እንኳ ባለሙያ እንጥራለት፣ አባዬ» አለችና ቅርንጫፎቹን ለመሰብሰብ ጎንበስ አለች።