በእርሳስ የተጻፈ ስንብት

ደራሲው ሀርቢ ዋርሳሜ መጻፊያ ክፍላቸው ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ኢንስፔክተር አያን ሀርጌሳ ከተማ፣ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ካለው ግቢያቸው ስትደርስ አስከሬኑ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ፣ ዶክተሩ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«የእንቅልፍ ክኒን ነው» አላት። «ሻዩ ውስጥ ሟሙቷል። ፔርሙዙ ሥር ዝቃጩ ይታያል።»

አያን ራሷን ነቀነቀች። ጅጅጋ ተማሪ ሳለች የእኚህን ሰው የአማርኛ ልብ ወለዶች ከዴስክ ሥር ደብቃ ስታነብ ተይዛ፣ ስንቴ ከክፍል ተባራለች! አሁን አጠገባቸው ቆማ አንዳች ነገር እንዲሰማት ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ናት። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ውስጧ ግን ደንዝዟል።

ክፍሉን ቃኘች። ጠባብ ነው። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ከአንድ የፈረሰ ሱቅ የተገዛ፣ ደረት ድረስ የሚደርስ ባንኮኒ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል፤ ሰውየው ሠላሳ ዓመት የጻፉት እዚህ ላይ፣ ቆመው ነው። በላዩ በምላጭ የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ፣ አንድ የቀለም ብዕርና የተደረደረ የወረቀት ክምር አለ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። አንዲት ገጽ ብቻ ከክምሩ ተለይታ በወፍራም ብርጭቆ ተጭናለች።

«ደክሞኛል። ማንም ተጠያቂ አይደለም። አትፈልጉኝ፤ የምሄድበትን መርጬ ነው የሄድኩት።»

የእጅ ጽሑፉ የራሳቸው ነው።

ባለቤታቸው ናስተሆ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አያን ጎንበስ ብላ በሱማሊኛ፣ እንደ አክስት ‹ኤዶ› እያለች አነጋገረቻት።

«ኤዶ፣ አላህ ያጽናዎት። መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ሱብሂ፣ የንጋቱን ሰላት ሰግዶ ሲመለስ። ከአዛን በፊት ሻዩን በፔርሙዝ ሞልቼ ደጃፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ከመስጊድ ሲመጣ ይዞት ይገባና በሩን ይዘጋል። አይቆልፍም፤ ማን ደፍሮ ይገባል? ሦስት ሰዓት ሲሆን ራሱ ይወጣል። ዛሬ አልወጣም።»

«ክኒኑስ?»

«የኔ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው መደርደሪያ ላይ ነው የማኖረው፤ ብልቃጡን ባዶ ሆኖ አገኘሁት።»

«ስንብቱን አንብበውታል?»

«አማርኛ ከየት አውቄ? ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነው የነገረን። ከጻፈው ሁሉ አንድ መስመር አንብቤለት አላውቅም። ኢማሙ መጥቶ ተመለሰ። በገዛ እጁ ከሆነ ልሰግድበት አልችልም አለኝ።»

«ክፍሉን ያገኙት እንዲህ ተስተካክሎ ነው?»

«የለም! ወረቀቱን ማራገቢያው በትኖት ወለሉ ሞልቶ ነበር። ለወትሮው ብርጭቆውን ክምሩ ላይ ነው የሚጭነው። ስጮህ ፈርሐን ከጎረቤት ሮጦ መጣ። ወረቀቱን የለቀመው እሱ ነው። ከዚያ ቆልፈን እናንተን ጠበቅን።»

ፈርሐን የሟቹ የወንድም ልጅ ነው። በሱማሊኛ በጻፈው አንድ ልብ ወለድ ስሙ በሀርጌሳ የታወቀ፣ አርባ ዓመት የደፈነ ሰው።

«ወረቀቶቹን እንዴት ሰበሰብካቸው?» አለችው አያን።

«እንዲሁ፣ እንዳይረገጡ ብዬ።»

«በምን ቅደም ተከተል?»

«እጄ ያገኘውን እያነሳሁ ነዋ። ድሬዳዋ ሳድግ አማርኛ እሰማ ነበር፤ ፊደሉን ግን አልቆጠርኩም። በየቃለ መጠይቁ የተናገርኩት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጎቴ አርጅቶ ነበር። በር ዘግቶ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ነገሩን አታርዝሙት፣ ለቤተሰቡ ያሳፍራል።»

አያን ወደ ክፍሉ ተመለሰችና ክምሩን ገጽ በገጽ ገለጠች። ሀርቢ ገጾቻቸውን የሚቆጥሩት በግዕዝ ቁጥር ነበር። ከ፴፰ እስከ ፶፪ አንዱም ሳይዛነፍ ተደርድሯል። የጎደለው ፵፯ ብቻ ነው። ስንብቱን ወደ አምፖሉ አዘነበለችው። ከራስጌው ጥግ ላይ በላጲስ የተፋቀ ነገር አለ፤ የእርሳሱ ጫና ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል። ፵፯ ይላል።

ከቀትር በፊት ዋሄን ገበያ ደረሰች። በተሸካሚዎች መሃል ተሹለክልካ፣ ጣይባ ወደምትባል የኮምቦልቻ ልጅ የጽሕፈት ሱቅ ገባች። የሀርቢን ገጾች በየሐሙሱ እየተቀበለች ኮምፒውተር ላይ የምትተይብላቸው እሷ ናት። መሞታቸውን ሰምታለች፤ እንዴት እንደሞቱ ግን ከአያን ነው የሰማችው።

«ጋሼ ራሳቸውን? አስተግፊሩላህ!»

አያን ገጿን ሰጠቻት። ጣይባ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄን አልተየብኩም። ከሐሙስ ወዲህ የጻፉት መሆን አለበት። ስንብት ግን አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«በእርሳስ ነው እኮ! ጋሼ የፈጠሩትን በእርሳስ፣ የእውነቱን በቀለም ነው የሚጽፉት። ‹ገጽ ሃያን አርሚልኝ› ብለው የሚልኩልኝ ብጣሽ እንኳ በቀለም ነው። ሰው ለሰው የሚጽፈው መፋቅ የለበትም ይላሉ። ይሄ የልብ ወለዱ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው።»

«ሌላ የሰጡሽ ነገር አለ?»

ጣይባ ከመሳቢያዋ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። «ድሮ የጻፉት ነው፤ ሐሙስ ሰጡኝ። ሁለት ገጽ እንደተየብኩ ታሪኩን አወቅኩት። በሬዲዮ በሱማሊኛ ሲተረክ ሰምቼዋለሁ፤ የፈርሐን መጽሐፍ ነው። ደውዬ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«‹እሱን ለኔ ተይው፣ ልጄ› አሉኝ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት አያን ናስተሆን፣ ፈርሐንን፣ ጣይባንና ኢማሙን በረንዳው ላይ ሰበሰበች። ሁለት ፖሊሶች የግቢው በር ላይ ቆሙ። ደብተሩንና ገጿን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ተናገረች፤ ድምፅዋ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሀርቢ ስንብት አልጻፉም። ይህ ገጽ ከልብ ወለዳቸው አርባ ሰባተኛው ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን ፍቆ እንደ ስንብት አስቀምጦታል። ማን? ኤዶ ናስተሆ አማርኛ አያነቡም፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ይህን ሊመርጡ አይችሉም። ጣይባ ታነባለች፤ ግን ሰውየው እውነቱን በእርሳስ እንደማይጽፉ ከማንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት። ስንብት ብታስመስል ይህን አትመርጥም። ስለዚህ የምንፈልገው ማንበብ የሚችል፣ የእርሳሱንና የቀለሙን ነገር ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

«እኔ አላነብም!» አለ ፈርሐን።

«ወለሉ ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ያገኘኸውን እያነሳህ ለቀምኳቸው ብለሃል። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካቸውም። አሥራ አራቱም ግን በግዕዝ ቁጥር በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። አፍህ የካደውን እጅህ መሰከረ።»

ፈርሐን ዞሮ በሩ ላይ የቆሙትን ፖሊሶች አየ። አያን ቀጠለች።

«ሻዩ ደጃፍ ላይ፣ ሀርቢ መስጊድ ሳሉ ክኒኑን ጨመርክበት። ቆመው ሲጽፉ እንቅልፍ ሲከብዳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ወደ ክፍሉ ገባህ። ክምሩን አገላብጠህ የሚሆን ገጽ አገኘህ፤ ብርጭቆውን ከክምሩ አንስተህ በእሱ ላይ ጫንከው። ያን ጊዜ ነው ማራገቢያው ሌላውን የበተነው። አማርኛ አላነብም ማለትን ግን ዛሬ አልጀመርከውም። ስምህን ያስጠራው መጽሐፍ ከዚህ ደብተር ቃል በቃል የተተረጎመ ነው። አነባለሁ ብትል ስርቆቱ ይታወቅብህ ነበር።»

ፈርሐን ደብተሩን ከምንጣፉ አነሣው።

«ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ ጥሎት የኖረ ነው» አለ በመጨረሻ። «የረሳው መስሎኝ። ትናንት ጠራኝና ቅዳሜ የመጻሕፍት ትርኢቱ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ተናገር አለኝ። አልተቆጣኝም እኮ። ‹ከተናገርክ በኋላ አብረን ሌላ እንጽፋለን› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኢማሙ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ናስተሆን ይቅርታ ጠየቃት። ወንዶቹ ቃሬዛውን አንሥተው፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። ጣይባ ወጥ ቤት ገብታ ለለቀስተኛው ውሃ መቅዳት ጀመረች።

ናስተሆ የግቢው በር እስኪዘጋ አየችና ወደ አያን ዞረች።

«አንቺ የጻፈውን አንብበሽዋል፣ አይደል?»

«ሁሉንም።»

«ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር፣ ኤዶ።»

«ጠይቄው አላውቅም። ጥሩ ነው ቢለኝ ማን ያረጋግጥልኛል ብዬ።» ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። «ስለ ምን ነበር የሚጽፈው?»

አያን ስልኳን አጠፋችና ከጎኗ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ በሱማሊኛ ትነግራት ጀመር።